የፈረመ ይሳፈር

ጥቅምት 4

ለእህቴ ለብሎን፤

ጤና ይስጥልኝ። እጅሽን ከስለት፣ እግርሽን ከመንሸራተት ይጠብቅልኝ። እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ። ባለቤቴና ልጆቹም ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውሻል።

ደብዳቤ መጻፌ እንዳይገርምሽ። ባለፈው በስልክ ስናወራ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። እኔም ከዚያ በፊት ጮኼብሽ ነበር፣ አልክድም። ወረቀት ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም። ቀደሽ ብትጥዪው እንኳ መልሰሽ ገጣጥመሽ እንደምታነቢው አውቃለሁ። አባቴ ብሎን ያለሽ በትንሽነትሽ ብቻ አልነበረም፤ አንዴ ከጠበቅሽ የሚፈታሽ መፍቻ ስለሌለ ነው። የምልከው በድርጅቱ የፖስታ ከረጢት ነው። ከረጢቱ የሚመላለሰው በየአሥራ አምስት ቀኑ ስለሆነ እስከዚያ ሁለታችንም እንበርዳለን።

ወደ ነገሬ ልግባ። እዚህ ዋናው መሥሪያ ቤት የጥገና ኃላፊ ከሆንኩ ገና ሁለት ዓመቴ ነው። በዚህ ወንበር ላይ ሆኜ ለእድገት የሰው ስም የጠራሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የጠራሁትም ያንቺን ነው። ሃያ ዓመት ሊፍት የጠገነች፣ የአጎቴ ልጅ ስለሆነች ሳይሆን ከእሷ የተሻለ ስለሌለ ነው ብዬ ተከራከርኩ። አርባ ሕንፃ ይዘሽ የቅርንጫፉ የቴክኒክ ኃላፊ እንድትሆኚ ተፈቀደ። ቢሮ ተሰጠሽ። ማኅተም ተቀረጸልሽ። አንቺ ምን አደረግሽ? አርባውን የምርመራ ቅጽ ሳትፈርሚ መለስሽ! ከላዩ ላይ በትንሽ ወረቀት «አልተሳፈርኩባቸውም» ብለሽ ጻፍሽ። አለቃዬ ወረቀቷን በሁለት ጣቱ ይዞ ስብሰባ መሃል «ምን ማለት ነው?» ሲለኝ የእጅ ጽሑፍሽን እንዳላወቀ ሰው ተቀብዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኳት። አንገት አስደፋሽኝ።

ቅጾቹን መልሼ ልኬልሻለሁ። ፈርመሽ በሚቀጥለው ከረጢት መልሺ። ሌላ ነገር አልጠይቅሽም።

እማዬ እንዴት ናት? በስልክ «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር ወሬ የላትም። የእሷን ነገር ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 21

ለወንድም ጋሼ፤

ሰላምታዬ ይድረስህ። ለሚስትህና ለልጆችህ ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ለአንተም ዕድሜውን ይስጥህ፣ የሚተርፍ ካለም ልቦናውን ይጨምርልህ። እኛ ደህና ነን።

ቢሮውን አይቼዋለሁ። ግድግዳው ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። ወንበሩ ይሽከረከራል፤ የመጣበት ፕላስቲክ ስላልተነሳለት ሰው ሲቀመጥበት ይንጫጫል። ጠረጴዛው ላይ ማኅተሜ፣ ከማኅተሜ ጎን አርባ ቅጽ። ሁሉም ላይ «በአካል ተመርምሮ ለአገልግሎት ብቁ ሆኖ ተገኝቷል» ይላል። «በአካል የሄደው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ሳቀብኝ። «ኮምፒውተሩ ላይ የተመዘገበ ብልሽት የለም፤ ስለዚህ ብልሽት የለም» አለ። «የሌለው እኛን እንዳንመዘግብ ስለከለከላችሁን ነዋ!» አልኩት። አጠገቤ የቆመው አቶ እሺ ላብ አጠመቀው። አቶ እሺን አትረሳውም፤ ከእኛ ጋር የተቀጠረው፣ ለአለቃም ለዘበኛም «እሺ» ስለሚል እንዲያ ያልነው።

አንገት አስደፋሽኝ አልክ። እኔና አንተን አንድ ጣሪያ ላይ ያስተማረን አባትህ ቢያይህ እሱ ነበር አንገቱን የሚደፋው። ጠግኖ ሲጨርስ የሚያደርገውን ረሳኸው? ሰውን ሁሉ ከበሩ ዘወር ያደርግና ብቻውን ገብቶ ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። ከዚያ የሊፍቱ ሳጥን ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቀኑንና ምልክቱን በጠመኔ ይጽፋል። እዚያ ያልቆመ ሰው አይጽፈውም፣ እዚያ ያልወጣ ሰውም አያየውም። ወረቀቱ የሚመጣው ከጠመኔው በኋላ ነበር። «የፈረመ ይሳፈር» ይለን ነበር፤ አንተ ደግሞ እንደ መዝሙር ትደግምለት ነበር። ዛሬ አርባ ቅጽ ከባሕር ማዶ ልከህ «ሌላ ነገር አልጠይቅሽም» ትለኛለህ። ከዚህ ሌላ ምን ልትጠይቀኝ ቀረህ?

የእቴቴን ነገር ጻፊልኝ ብለሃል። ደህና ናት። ከቤት ግን አትወጣም፤ የሕንፃዋ ሊፍት ቆሟል። ያቆምኩት እኔ ነኝ። ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ዋናውን ማብሪያ አጥፍቼ፣ የማሽን ክፍሉን ቆልፌ፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ለምን እንዳቆምኩት ለድርጅቱ ጽፌያለሁ፤ መልስም መጥቶልኛል። ለአንተ እንዳልነግርህ እቴቴ አስምላኝ ነበር። መሐላዬን ያፈረስኩት ስለተናደድኩ ነው።

ቅጾቹን እንደመጡ መልሼልሃለሁ።

እህትህ


ኅዳር 8

ብሎን፤

ጤናሽን አይንሳሽ። ከዚህ በላይ መመረቅ ዛሬ አልችልም።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ባልደረቦቼ መሃል ተቀምጬ ነው። ደሜ ሲፈላ ፊቴ ላይ ታይቶ ነው መሰለኝ አንዱ ውኃ አመጣልኝ። አምስት ወር! እናቴን አምስት ወር ሙሉ ሰባተኛ ፎቅ ላይ አስቀምጠሻት ቁልፉን ኪስሽ ውስጥ ይዘሽ ትዞሪያለሽ? የጉልበቷን ነገር ከአንቺ በላይ ማን ያውቃል? እናትሽ ስትሞት በአራት ዓመትሽ አቅፋ ያስገባችሽን፣ ከእኔ ሳህን ቀንሳ ያበላችሽን ሴት! በስልክ «ምን አዲስ ነገር አለ እማዬ?» ስላት «መስኮት ላይ ሆኜ መንገዱን ሳይ ነው የምውለው» ትለኛለች። እኔ ሞኙ ደግሞ ስትቀልድ መስሎኝ እስቃለሁ።

ገመዱ አልቋል ልትዪኝ ነው፣ አውቃለሁ። ላንቺ ገመድ ምንጊዜም ያለቀ ነው።

ስለ አባቴ ደንብ አትንገሪኝ፤ ልጁ እኔ ነኝ። አባቴ ስንት ሊፍት ነበረው? አሥራ አንድ። አሥራ አንድ ሊፍት ላይ መሳፈር ይቻላል። እኔ ዘጠኝ መቶ ነው ያለኝ። በቀን ሦስት ሦስቱ ላይ ብሳፈር ዓመቱ ያልቃል፣ እስከዚያ የመጀመሪያው ይበላሻል። ሰው ከፍ ሲል የሚፈርመው በዓይኑ ስላየው አይደለም፤ ከታች ያለው ሰው አይቶታል ብሎ ስለሚያምን ነው። እድገት ማለት ይኸው ነው። ካልገባሽ እስከ ጡረታሽ እዚያው ጣሪያ ላይ ቅባትሽን ስትጠርጊ ትኖሪያለሽ።

ደግሞ ይህን አስበሽዋል? ያን ወንበር አንቺ ካልያዝሽው የሚይዘው አቶ እሺ ነው። አርባውን በአንድ ከሰዓት ፈርሞ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል። አንቺ ንጹሕ እጅሽን ታቅፈሽ ትቀመጫለሽ፣ ሕዝቡ ግን አቶ እሺ በፈረመበት ይሳፈራል። ኩራትሽ ለማን ጠቀመ?

እኔ እዚህ ስመጣ ስሜን አጥርተው ሊጠሩኝ የማይፈልጉ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ «አንተ ምን ትላለህ?» ይሉኛል። ያን በልመና አላገኘሁትም። ሰባት ዓመት የእነሱን ሊፍት ጣሪያ ላይ ቆሜ፣ ብርዱ ጣቴን ከመፍቻው ጋር እያጣበቀው ነው ያገኘሁት። አንቺም እንዲደርስሽ ነበር እጄን የዘረጋሁት፤ አንቺ ግን እጄን ነከስሽው።

የእማዬን ሕንፃ ቅጽ ፈርመሽ ሊፍቱን አስነሺ። ካላስነሳሽው እኔ አስነሳዋለሁ።

ወንድምሽ


ኅዳር 24

ለክቡር የጥገና ኃላፊ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ፈጣሪ ጤናዎን ይጠብቅልን፣ ወንበርዎንም ያጽናልዎ። እኛ ተራ ሠራተኞች ደህና ነን።

«እርስዎ» ያልኩህ ላናድድህ ነው። አሁን ወደ አንተነትህ ልመልስህና ልንገርህ።

በግንቦት ወር ከእቴቴ ሊፍት በላይ ያለው የማሽን ክፍል ወጥቼ ገመዶቹን በጨርቅ አበስኳቸው። ይህንንም ያስተማረን አባትህ ነው፤ ጨርቁ ሳይያዝ ካለፈ ብረቱ ደህና ነው፣ ከተያዘ እዚያ ጋ የተበጠሰ ክር አለ። ከአምስቱ ገመዶች ሦስቱ ደህና ናቸው። የቀሩት ሁለቱ ጨርቁን ቦጫጭቀው ጨረሱት። ይሁን፣ በሦስትም ይንጠለጠላል። ገመድ ቢበጠስ ሳጥኑን ሐዲዱ ላይ ነክሶ የሚያስቆመውን መያዣ ሞከርኩት። ዝጓል፤ አልነክስም አለኝ። ማብሪያውን ያጠፋሁት ያኔ ነው።

በግንቦት 24 ገመድና መያዣ ይላክልኝ ብዬ ጻፍኩ። በሐምሌ 9 መልስ መጣልኝ፤ አንድ መስመር ነው። «ሕንፃ 31፦ የገመድ ለውጥ ሊጠብቅ ይችላል፤ በሚቀጥለው በጀት ዓመት ይታይ» ይላል። ቅጂውን አያይዤልሃለሁ። ከሥሩ ያለውን ፊርማ ተመልከተው። መጨረሻው ላይ ወደ ላይ የሚወረወረውን ጭረት ታውቀዋለህ? ያን ጭረት የተለማመድከው በእኔ ደብተር ላይ ነው፤ ሦስት ገጽ አበላሽተህብኝ አልቅሼ ነበር።

31 የእናትህ ቤት ነው። አንተ ጠረጴዛ ላይ እቴቴ የለችም፣ 31 ነው ያለው። አውቀህ እንዳላደረግከው አውቃለሁ፤ አንጀቴን የሚያሳርረኝም እሱ ነው። አውቀህ ብታደርገው ኖሮ ክፉ ሰው ነው ብዬ እረግምህና ይወጣልኝ ነበር።

ከታች ያለው ሰው አይቶታል ብሎ ማመን ነው አልክ። ከታች ያለሁት እኔ ነኝ። አይቼ ነገርኩህ። አመንከኝ?

«ቆልፈሽባት» የምትለኝ ሰውዬ፣ እናትህ በየአሥራ አምስት ቀኑ ክሊኒክ ቀጠሮ እንዳላትስ ታውቃለህ? የሚያወርዳት ማን ይመስልሃል? እኔ ነኝ፣ በጀርባዬ አዝዬ። መቶ ሃያ ስድስት ደረጃ ነው፤ ስንወርድም ስንወጣም። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ልብስ ሰፊ ድምፃችንን ሲሰማ ወንበር አውጥቶ ይጠብቀናል፤ እዚያ እናርፋለን። ባለፈው ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ጆሮዬ ሥር መጥታ «ድሮ እኔ አዝዬሽ ነበር፣ አሁን እኩል ሆንን» አለችኝና ሳቅ ይዞን ልንወድቅ ነበር። ስንመለስ ግን ጉልበቴን ሁለት ቀን አላጥፈውም።

ወንበሩ ያልጣመኝም እንዳይመስልህ። ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ ተቀምጬበት አንድ ዙር ተሽከርክሬያለሁ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጣቶቼ ይቆለመማሉ፣ ጠረጴዛ ሥር እግሬን ዘርግቼ መዋል አምሮኛል። ለሥራ አስኪያጁም «ወንበሩን ስጠኝ፤ አርባውን ግን አንድ በአንድ ተሳፍሬ ነው የምፈርመው፣ አራት ወር ይፈጅብኛል» ብዬው ነበር። «ቦታው እንዲህ ያለ ሰው አይፈልግም» አለኝ። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ ወይስ ወንበሩ?

ገመድ ላክልኝ። ምክር አልፈልግም፣ ማኅተም አልፈልግም። ገመድና መያዣ ላክ።

እህትህ


ጥር 30

ጉዳዩ፦ ሕንፃ 31ን ሥራ ስለማስጀመር

ከላይ በተጠቀሰው ሕንፃ የሚገኘው አሳንሰር ከየካቲት 5 ጀምሮ አገልግሎት እንዲሰጥ በዋናው መሥሪያ ቤት የተፈቀደ መሆኑን፣ የፈቃድ ቅጹም በእኔ የተፈረመ መሆኑን እገልጻለሁ። የማሽን ክፍሉን ቁልፍ ለአዲሱ የቴክኒክ ኃላፊ እንድታስረክቢ፣ አንቺም ወደ መለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛውረሽ እንድትሠሪ ተወስኗል።

እህቴ፣ ከዚህ በታች ያለው የራሴ ነው። ሰላምታ ያላስቀደምኩት ስላፈርኩ ነው። በሁለት ወር ውስጥ አራት ደብዳቤ ጽፌ ቀድጃለሁ።

ፊርማዬን አይቼዋለሁ። ያን ቀን ስንት ወረቀት እንደፈረምኩ እንኳ አላስታውስም። አሁን ገመዱና መያዣው ታዘዋል፤ በመርከብ ስለሆነ ሁለት ወር ይፈጃል። እስከዚያ ሦስቱ ገመዶች ይይዙታል፣ ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። ስለ መያዣው አትንገሪኝ፤ ሦስቱ ከያዙ መያዣው ሥራ አይኖረውም።

እውነቱን ልንገርሽ? በመጋቢት ቦርዱ ምክትል ዳይሬክተር ይመርጣል። ከቀረቡት ሦስት ስሞች አንዱ የእኔ ነው። ዘጠኝ ወር የቆመ ሊፍት ስሜ ሥር ተመዝግቦ ከታየ አለቀልኝ። አንዴ እዚያ ከደረስኩ ደንቡን ሁሉ እቀይረዋለሁ፣ በሞቴ እመኚኝ፤ የአባቴን ደንብ መልሼ አስገባዋለሁ። አሁን ግን ትንሽ ታገሺኝ። እድሜ ልኬን ሌላ ሰው ሲያልፈኝ ቆሜ ልይ ወይ?

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ሊፍቱ ሲነሳ እማዬ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ታች ዋናው በር ላይ ቆማ ፎቶ አንሺልኝ። ወርዳ ልያት።

ወንድምሽ


የካቲት 16

ለወንድም ጋሼ፤

ጤናውን አያጉድልብህ። ፎቶው ከደብዳቤው ጀርባ ተያይዟል፤ መጀመሪያ ይህን አንብብ፣ ከዚያ ታየዋለህ።

ቁልፉን አስረክቤያለሁ። አቶ እሺ ሲቀበለኝ አንገቱን ደፍቶ «ይቅርታ» አለኝ። በሃያ ዓመት ከእሺ ሌላ ቃል ሲወጣው የሰማሁት ያን ቀን ነው። አሁን ያለሁት ግምጃ ቤት ነው፤ መስኮት የለውም፣ ብሎን በመጠን በመጠኑ ለይቼ ሳጥን ውስጥ እጨምራለሁ። ብሎን ብሎን ስትለቅም ማየት ቢያምርህ መጥተህ እይ።

በየካቲት 5 እቴቴ ከጠዋት ጀምራ ለብሳ ጠበቀችን። ሰማያዊውን ቀሚስ፣ ከዓመት በፊት የገዛህላትን ጫማ፣ ሁሉንም። ልጅሽ ፎቶ ልኪልኝ ብሏል ብያት ነበር። ሊፍቱ አደገኛ መሆኑን ካቆምኩት ቀን ጀምሮ ታውቃለች፤ «አሁን ተሠርቷል ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፣ «አልተሠራም፣ ተፈርሟል እንጂ» አልኳት። ጫማዋን አሰረች። አልወስድሽም ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ክንዴን ይዛ ዘወር አደረገችኝ።

አቶ እሺ ሰባተኛ ፎቅ ላይ በሩን ከፍቶ ጠበቃት። ሳጥኑ ውስጥ መብራቱ በርቷል፤ ቅጽህ በመስታወት ተሸፍኖ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እቴቴ መነጽሯን አውጥታ፣ እግሯን ሳታስገባ፣ አንገቷን ብቻ አስግጋ አነበበችው።

«ይህ የልጄ ፊርማ ነው» አለች።

«አዎ እናቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት» አለ አቶ እሺ።

«ተሳፍሮበታል?»

«እሱማ ውጭ አገር ነው ያለው።»

«የት ነው ያለው አልኩህ? ተሳፍሮበታል ወይ ነው የምልህ።»

«አልተሳፈረም።»

«አንተስ?»

አቶ እሺ እሺም አላለም።

እቴቴ መነጽሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወደ ቤት ተመለሰች። ተናዳ የገባች መስሎኝ ነበር። ትንሽ ቆይታ የወጥ ቤቱን ወንበር መሬት ለመሬት እየጎተተች መጣች። የሊፍቱ በር መሃል፣ ሁለቱን እግር ውስጥ፣ ሁለቱን እግር ውጭ አድርጋ አስቀመጠችውና ተቀመጠችበት። በሩ ሊዘጋ ይመጣል፣ ወንበሩን ይነካና ይመለሳል። እንደገና ይመጣል፣ ይመለሳል። በሩ ካልተዘጋ ሳጥኑ እንደማይንቀሳቀስ ለእሷ ማን ይነግራታል? የሊፍት ጠጋኝ ሚስት ናት።

ይኸው አሥራ አንድ ቀኗ። ጠዋት ቁርሷን በልታ ትቀመጣለች፣ ከሰዓት እኔ ከሥራ ስመጣ እተካታለሁ። ለመተኛት ስትገባ ወንበሩን እዚያው ትተዋለች፤ እስካሁን የነካው ሰው የለም። አምስተኛ ፎቅ ያለችው አስተማሪ መጀመሪያ ቀን መጥታ «እርስዎ ለራስዎ ካልፈለጉ እኛን ለምን ይከለክሉናል?» ብላ ጮኸችባት። እቴቴ «ልጄ የፈረመው ለእኔ ብቻ አይደለም፣ ለአንቺም ነው፤ ለዚህ ነው የማልነሳው» አለቻት። በሦስተኛው ቀን አስተማሪዋ ራሷ ጋዜጣ ይዛላት መጣች። ልብስ ሰፊው ለወንበሩ ትራስ ሰፍቶላታል። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ፖሊስ እጠራለሁ አለ፤ «ስትጠራ ሰባት ፎቅ በእግሩ እንደሚወጣ ንገረው» አለችው።

ድሮ አባትህ ሲሳፈር እሷ ምሳውን ይዛ ታች ቆማ ፎቁን ትቆጥር ነበር፤ ሰባት፣ ስድስት፣ አምስት እያለች፣ አንድ ብላ እስኪወጣ ምሳውን ከእጇ አታወርድም ነበር። ይህን እኔ አላውቅም ነበር፤ አሁን ነው የነገረችኝ። ደግሞ እንዲህ በዪው አለችኝ፤ ቃል በቃል ነው የምጽፍልህ፦ «አባትህ ሳይሳፈርበት እኔን አንድ ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም። አንተ ከፈረምክ አንተ ተሳፈር። እኔ እንደ ድሮዬ እቆጥራለሁ። እስከዚያ ወንበሬ ላይ ነኝ።»

ቦርዱ ሊፍቱን ማን አቆመው ካለህ አሁን እናቴ ናት በለው።

እኔ ይቅር አላልኩህም። «አንዴ እዚያ ከደረስኩ» የምትለውን ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ደብዳቤውን ግድግዳ ላይ ወርውሬዋለሁ። ከዚያ አንስቼዋለሁ።

ፎቶው ይኸውልህ። እንዳዘዝከው ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሳለች።

እህትህ


መጋቢት 3

ለእህቴ፤

ለእማዬም ለአንቺም ጤና፣ ለጉልበታችሁም ብርታት ይስጥልኝ። ይህ ደብዳቤ የመጣው በከረጢት አይደለም። ከገመዱ ጥቅልል መሃል ነው የከተትኩት፤ በአውሮፕላን አስጭኜዋለሁ፣ መያዣውም አብሮ አለ።

ፎቶዋን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ አንድ ቀን ሙሉ ምንም አልፈረምኩም። እንደዚያ ተቀምጣ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ካሜራውን ሳይሆን እኔን ነው የምታየው። ሰው ገብቶ ሲያናግረኝ በእጄ ሸፈንኳት። አፈርኩ፤ ከዚያ ተናደድኩ። በአንቺ፣ በእሷ፣ በሥራ አስኪያጁ፣ በገዛ እጄ። መጨረሻ ላይ የቀረኝ በገዛ እጄ መናደዴ ብቻ ነው፣ እሱ አልበርድ አለኝ።

በማግስቱ ሳላይ የፈረምኳቸውን ቅጾች አስወጥቼ ቆጠርኩ። በሁለት ዓመት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። ፊርማዬን አንስቻለሁ፣ ሰው በአካል እስኪያያቸው ይቁሙ ብዬ ጽፌ ለአለቃዬ ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበውና «ጥሩ ነገር ነው የሠራኸው፤ ሦስቱ ስሞች ግን አሁን ሁለት ሆነዋል» አለኝ። እጄን ጨበጠኝ፤ በሩንም ራሱ ከፈተልኝ። እንዲህ በትሕትና ተባርሬ አላውቅም። የጥገና ኃላፊነቱም እስከ ወሩ መጨረሻ ነው።

አልዋሽሽም፤ ያን ወንበር ፈልጌው ነበር፣ አሁንም ያንገበግበኛል። ፊርማህን ስታነሳ ደስ ይልሃል የሚለኝ ሰው ካለ ውሸታም ነው። ስታበሳጪኝም ትኖሪያለሽ።

አሁን ስሚኝ። ገመዶቹን አምስቱንም ቀይሪ፣ መያዣውን ግጠሚ፣ በጨርቅሽ አብሺ። ግምጃ ቤት ብትሆኚም አቶ እሺ ቁልፉን ይሰጥሻል፤ ደውዬለት «እሺ» ብሏል፣ የዛሬው እሺ ደስ የሚል ነበር። ግን እንዳትሳፈሪ። አንቺም፣ እሱም፣ ማንም እንዳይሳፈር። የእማዬን ወንበር እኔ እስክደርስ ማንም እንዳያነሳው።

ከገመዱ በሦስተኛው ቀን እደርሳለሁ። ሰባቱን ፎቅ በእግሬ ወጥቼ እማዬን እስማታለሁ፤ ከዚያ ወንበሯን አንስቼ ብቻዬን እገባለሁ። ቢሮ ከገባሁ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሳጥን ጣሪያ ላይ አልቆምኩም፤ ፈርቻለሁ፣ ይህን ለእሷ አትንገሪያት። እዚያ ሳጥን ጣሪያ ላይ የአባቴ የጠመኔ ምልክት፣ ከሥሩ ያንቺ እንዳለ አውቃለሁ። የእኔ የለም።

ጠመኔ እዚህ አላገኘሁም። ያዢልኝ።

ወንድምሽ